ለጫማዎች የተደረገ ንግግር

አባቴ ከሃያ ሦስት ጥንድ ጫማ ፊት ቆሞ «የተከበራችሁ» ሲል ያገኘሁት በስምንት ዓመቴ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የሱቁ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አባቴ የቆዳ ሽርጡን እንደ ታጠቀ፣ ተጠግነው ባለቤቶቻቸውን ከሚጠብቁት ጫማዎች መደርደሪያ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። በቀኝ እጁ የያዘው ወረቀት ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «የተከበራችሁ…» አለና ምራቁን ዋጠ። እንደገና «የተከበራችሁ…» አለ። ከታችኛው እርከን የዳቦ ጋጋሪው ሰፋፊ ቡትስ ጫማዎች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል፤ ከላይኛው እርከን የአዋላጇ ነጭ ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው እጁ መንቀጥቀጡን አቆመ፤ ሲያነሣው ተመልሶ ጀመረው። ይህን ልብ አልኩ። በዚያ ዕድሜዬ ልብ የማልለው ነገር አልነበረም፤ ችግሬ ልብ ያልኩትን ምን ላድርገው የሚለው ነበር።

አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። ከጫማ ሰፊነቱም በላይ ዝምተኛ ነበር። ለጥገና በገባ ጫማ ሁሉ ላይ በክር የምታንጠለጠል ትንሽ ካርቶን ነበረችው፤ በላይዋም «ታኮ። ግራ። ሐሙስ።» ብሎ ይጽፍባታል። ሦስት ቃል። አራተኛ ቃል የጻፈ ዕለት ጫማው የማይድን ነው ማለት ነው። እማዬ እጮኛው ሳለች የላከላት ደብዳቤም ከዚህ እምብዛም እንደማይረዝም እሷው ራሷ እየሳቀች ትናገር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን ቆሞ ሲያወራ፣ ያውም ከጫማ ጋር ሲያወራ ያየች ልጅ ምን ታስብ? ታሟል ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ አንዲት ሐኪም መጣች፤ ጥርጣሬዬም ተረጋገጠ።

ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች፣ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ይዛለች። እማዬ ከኋላዋ በሩን ቀረቀረችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ሚጣ፣ እኒህ ሴትዮ እኛ ቤት እንደሚመጡ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። አባትሽ ያፍራል» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ሰደደችኝ። ጓዳውን ከሱቁ የሚለየው አሮጌ የብርድ ልብስ መጋረጃ ነበር። መጋረጃው ደግሞ ቀዳዳ ነበረው፤ የጫማ ሰፊ ቤት መጋረጃ ሰፊ አያገኝም።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

አባቴ ከፈተ።

«እንደ ሰው ክፈት እንጂ። ይሄ የደብዳቤ ሳጥን ነው።»

ጨምሮ ከፈተ። ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አውጥታ አፉን አሳየችው። ከዚያ መዳፏን ሆዱ ላይ አሳረፈች። «ከዚህ ነው የሚወጣው። ከጉሮሮህ ስታወጣው መሐል መንገድ ላይ ይታነቃል። ትንፋሽህን ሳብ አድርግ፤ ቀስ። አሁን ኣ በል።»

«ኣ።»

«ለማን ነው ያልከው?»

«ለእርስዎ፣ እትዬ።»

«እኔማ አጠገብህ ነኝ። እዚያ ጥግ ያለችውስ?» ወደ አዋላጇ ነጭ ጫማዎች ጠቆመች።

«ኣኣኣ» አለ አባቴ ወደ ነጩ ጫማ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«እንቅልፍስ ይወስድሃል?» አለችው።

«ሲነጋጋ ትንሽ።»

«ምግብ?»

«አልወርድ ብሎኛል።»

«ጉልበትህ?»

«ይርበተበታል። አፌም ይደርቃል።»

«ጥሩ ነው» አለች ሴትየዋ በእርጋታ። «ይህ ሁሉ ያለ ነው። ከአንተ የገዘፉትን አይቻለሁ እኮ፤ መጋረጃው እስኪከፈት ባልዲ አቅፈው የሚቀመጡ ነበሩ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እነዚያን ባልዲ ያቀፉ ግዙፍ በሽተኞች በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸው። መጋረጃው ሲከፈት ምን እንደ ደረሰባቸው ለማሰብ ግን አልደፈርኩም።

ሴትየዋ ሐኪም አልነበረችም። በከተማው ቴአትር ቤት ውስጥ ከመድረኩ ጎን ጠባብ ቦታ ላይ ተቀምጣ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቃሉን በሹክሹክታ የምታቀብል ነበረች። ሠላሳ ዓመት የሌሎችን ቃል በሹክሹክታ ስትናገር ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ይህን ያወቅሁት በአሥር ዓመቴ ነው፤ ጉንፋን ይዞኝ መንገድ ላይ አገኘኋትና ምላሴን አውጥቼ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ በትሕትና ከመረመረችው በኋላ፣ «በጣም ጥሩ ምላስ ነው፤ ተጠቀሚበት» አለችኝ።

ከሴትየዋ መምጣት በቀር እውነተኛውን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ነበርኩ። ከመንገዳችን ራስ ላይ የሚገኘው ፌርማታ እንዲነሣና አውቶቡሱ ታች አደባባዩ ላይ ብቻ እንዲቆም ማዘጋጃ ቤቱ አስቧል። መንገዳችን ዳገት ነው፤ ከአደባባዩ ተነሥቶ እኛ ቤት ለመድረስ ጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። እማዬ ከክር ፋብሪካው ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ነው የምትመለሰው። አዋላጇ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ የምትሄደው በአውቶቡስ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን ለማድመጥ ቀጠሮ ሰጥቷል፤ ደንቡ ግን ከእያንዳንዱ መንገድ አንድ ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ የሚል ነበር።

ተናጋሪ ለመምረጥ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተሰበሰቡ። ፀጉር አስተካካዩ ከእኔ በላይ አንደበት ያለው የለም አለ። ዳቦ ጋጋሪው፣ አንደበትህ መች ጠፋን፣ ችግራችን ማብቂያው ነው አለው። በዚህ ተኳረፉ። የአንዱ ወገን ለሌላው ድምፅ አልሰጥም አለ። በመጨረሻ አዋላጇ፣ በዚህ መንገድ ላይ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ይናገር አለች። ሁሉም ዞር ዞር ብለው ፈለጉ። ከማንም ጋር ያልተጣላው አባቴ ብቻ ነበር፤ ያልተጣላውም ስለማይናገር ነው። እንዲናገር የተመረጠው እንግዲህ ባለመናገሩ ነበር። እሱም እንቢ ለማለት እንኳ ቃል አላገኘም።

ትምህርቱ ስምንት ቀን ፈጀ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሴትየዋ ትመጣለች፤ እኔም ከቀዳዳዬ አልጠፋም። ቡሽ በጥርሱ አስነክሳ ታናግረዋለች። ከቦርሳዋ የእጅ ሰዓት ታወጣለች። ወረቀቱን ተቀብላ በቀይ እርሳስ ትሞነጫጭርበታለች፤ ወረቀቱ የመድኃኒት ማዘዣ መሆኑን የደረስኩበት በዚህ ነው። ማዘዣው ደግሞ የማይስማማው ነበር። ባነሣው ቁጥር ያልበዋል።

«ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው አንድ ነገር ነው» ትለዋለች። «ሁለት ከሰጠኸው ሁለቱንም በር ላይ ጥሎ ይሄዳል። የአንተ አንዱ ነገር ምንድነው?»

«ሰባት ነው የጻፍኩት።»

«አየሁት። ሰባት ይዞ ዳገት አይወጣም። ደግሞ ወረቀቱን ሳይሆን ሰዎቹን ተመልከት። ሦስት ሰው ምረጥ፤ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ አንድ ከኋላ። የጀመርክለትን ሰው ሳትጨርስለት አትለፈው። አድማጮችህን ታውቃቸዋለህ አይደል?»

አባቴ ብዙ አሰበ። «ጫማቸውን አውቀዋለሁ» አለ።

«ጫማ አይሰማም» አለችው። አንድ ጊዜ የተሳሳተችው ይኼኔ ነው።

ከሁሉ የከበደው ፋታ የሚሉት ነገር ነበር። «መጀመሪያ ጠይቃቸው። ከዚያ ዝም በል። በልብህ እስከ አራት ቁጠር። በዝምታው ውስጥ መልሱን ራሳቸው ይፈልጉታል፤ ፈሪ ተናጋሪዎች ግን ዝምታውን በወሬ ይሞሉታል።»

«ዝም ማለትማ እችላለሁ» አለ አባቴ። ሴትየዋ ስትስቅ ያን ጊዜ አየኋት።

እኔ ግን የሳቀችው አባቴ እንዳይሰጋ መስሎኝ የባሰ ሰጋሁ።

የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ከእኛ ሱቅ ግድግዳ ይጋራል። በአምስተኛው ቀን የተጠገነ ጫማውን እንዳደርስለት ተላክሁ። አንዱን ደንበኛ በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ይላጨዋል።

«ነይ እስቲ፣ ሚጣ» አለኝ ዞር ሳይል። «አባትሽ ከዚህ ግድግዳ ማዶ እንደ በሬ የሚያጓራው ምን ሆኖ ነው?»

አምስት ቀን የያዝኩት ምስጢር ነበር፤ ለስምንት ዓመት ልጅ አምስት ቀን ማለት ረጅም ዘመን ነው። «ታሟል» አልኩት።

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። «ምኑን?»

«ትንፋሹን። ሆዱንም። ሐኪም በየቀኑ ትመጣለች። አይተኛም፤ አይበላም። ጋሼ፣ ለማንም እንዳይናገሩ፤ ያፍራል።»

«እኔ? ከዚህ ሱቅ ቃል ወጥቶ ያውቃል?»

አረፋ የለበሰው ደንበኛ ሳል ሳል አለው።

እስከ ማታ ድረስ መንገዱ ሁሉ አወቀ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደ ሱቃችን እንግዳ የሆነ ደግነት ገባ። «ዛሬውኑ ካልሰጠኸኝ» ይሉ የነበሩት ሁሉ «ኧረ ሲመችህ፣ ምን አስቸኮለህ» ይሉት ጀመር። አዋላጇ ዓይኑን ትክ ብላ አየችውና እጁን ጨብጣ ረጅም ጊዜ ቆየች። ዳቦ ጋጋሪው በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ ያስቀምጥለታል፤ ፀጉር አስተካካዩ ይህን አይቶ እንዳይበለጥ፣ በየማታው መጥቶ የሱቁን መዝጊያ ያወርድለታል። አባቴ ይህን ሁሉ ለተናጋሪ የሚሰጥ ክብር አድርጎ ወሰደው፤ ጭንቀቱም በእጥፍ ጨመረ። «እንዲህ አምነውኛል ለካ» አላት እማዬን። የዚያን ቀን ደግሞ እራቱን ጨርሶ ተወው።

የቅዳሜው ጠዋት መጣ። እማዬ ፀጉሬን እየጎነጎነች፣ «ዛሬ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን፤ አባትሽ ይናገራል» አለችኝ።

«እሱ?» አልኳት።

«እሱ።»

የታመመን ሰው አስነሥተው በሕዝብ ፊት የሚያቆሙ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ንጹሕ ኮቱን ለብሷል፤ ማዘዣውን አውጥቶ አነበበ፣ አላበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ሐኪሟ ያላየችውን እኔ አይቻለሁ፤ የሚያሳምመው መድኃኒቱ ነው። በአንድ እርምጃ ወንበሩ ዘንድ ደረስኩ።

የት ልደብቀው? ጫማዬ ሁልጊዜ የሚገዛልኝ ለሚቀጥለው ዓመት እግሬ ነበር፤ አባቴ በገዛ እጁ ጫፉን በጋዜጣ ጠቅጥቆ ለዘንድሮው እግሬ ያስተካክለዋል። ከቀኙ ጋዜጣውን አወጣሁ፤ ማዘዣውን በአራት አጥፌ በቦታው ጠቀጠቅሁት። ጠንከር ያለ ወረቀት ነበር፤ አውራ ጣቴን ይጫነኛል። አባቴን ለማዳን ይህች ምን አላት ብዬ ቻልኩት።

ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ባለሥልጣኖቹ ከፍ ካለ መድረክ ላይ፣ ጨርቅ ያልለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል። ተናጋሪው ከመድረኩ ሥር፣ ድምፅ ማጉያው ዘንድ ይቆማል። እኛ የፊተኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። የቴአትር ቤቷ ሴት ሦስት ወንበር አልፋ ተቀምጣ ነበር። የመንገዳችን ሰው ሁሉ መጥቷል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የኀዘን ቤት ልብሳቸውን ለብሰዋል።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ባለሥልጣኖቹን በየማዕረጋቸው ሲያመሰግን ደወሉ ተደወለበትና ስለ ፌርማታው ሳያነሣ ወረደ። ሁለተኛዋ ከወረቀት ላይ እንደ ዝናብ አወረደችው፤ ትንፋሽ እስክትወስድ ማንም ሰው እሷን ተከትሎ አልደረሰባትም። ሦስተኛው አባቴ ነበር።

ቆመ። እጁን ወደ ቀኝ ኪሱ ሰደደ። ወደ ግራ ኪሱ ሰደደ። የደረት ኪሱን ደባበሰ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ልምምዱን ከቀዳዳዬ ስለማውቀው አብሬው ቆጠርኩ። አምስት። ስድስት። የቴአትር ቤቷ ሴት ወደ ፊት ተጠጋች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ዘጠኝ። አሥር።

«ሰውየው ሊወድቅ ነው፤ ኧረ ያዙት» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ተሸክሞ በመተላለፊያው ይሮጣል። ከሌላው ወገን ዳቦ ጋጋሪው የውሃ ማሰሮ ይዞ ይመጣል። ከኩርፊያቸው ወዲህ ዓይን ለዓይን ያልተያዩት ሁለት ሰዎች አባቴን ግራና ቀኝ ያዙትና በአንድነት ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፤ በዚያውም ሴትየዋን ጋረዷት።

«ተቀመጥ ወንድሜ፣ አትልፋ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አልታመምኩም» አለ አባቴ።

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» አለው ዳቦ ጋጋሪው፣ ለበሽተኛ በሚነገርበት ለስላሳ ድምፅ። «ጠጣ።»

«ምኔን ነው የታመምኩት?»

«አትጨነቅ። ሁሉንም ሰምተናል።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። ግራ ገብቶታል። «ተናጋሪው ካልቻሉ ተራውን እንለፍ?» አለ።

ወንበሩ አጭር ነበር፤ የአባቴ ዓይን ከመድረኩ ወለል ትይዩ ሆኗል። ከጠረጴዛው ሥር፣ አፍንጫው ዘንድ፣ ስምንት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው እንዲህ ነው፤ ተቀምጦ፣ ጫማ ከፊቱ አድርጎ። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁት። ማሰሮውን ለዳቦ ጋጋሪው መለሰና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ ዝቅ አደረገ።

«የሰብሳቢያችን ቀኝ ጫማ ፊቱ ተበልቷል» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ወደ እግሩ አየ።

«ይህን ጫማ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ካቻምና አንድ ጊዜ መጣልኝ። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ። ሰብሳቢያችን የላይኛው መንገድ ነዋሪ ናቸው። የላይኛው መንገድ ፌርማታ የተነሣው አምና ነው።» ቆመ። እየቆጠረ አይመስለኝም፤ ግን አራት ነበር። «ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ታኮው ያልቅበታል። ዳገት የሚወጣ ሰው ፊቱ ይበላበታል። ጫማ አይዋሽም። ከአምና ወዲህ ከላይኛው መንገድ የሚመጣልኝ ጫማ ሁሉ ፊቱ የተበላ ነው። የአስተማሪው፣ የልብስ አጣቢዋ፣ ምርኩዝ የሚይዙት የሽማግሌው። የእሳቸው ግራው ብቻ ነው የሚበላው፤ ቀኙን ምርኩዙ ያግዘዋል።»

አንድ ሰው ከኋላ «እውነቱን ነው» አለ።

«የእኛ ዳገት ከእነሱ ይብሳል። ፌርማታው ቢነሣ የሚጠቀም ሰው እንዳለ ግን አልክድም። እኔ ነኝ። መንገዱ ሁሉ ጫማውን ተሸክሞ በዓመት ሦስት ጊዜ እኔ ዘንድ ይመጣል።» ወደ አዋላጇ ዞረ፤ የጀመረላትንም ዐረፍተ ነገር ለእሷው ጨረሰላት። «የእሷን ነጭ ጫማ በዓመት አንዴ እሰፋዋለሁ፤ ይበቃኛል። ይህን ሥራ አትስጡኝ ልላችሁ ነው የመጣሁት።»

ተነሥቶ ወንበሩን ለፀጉር አስተካካዩ መለሰለት። ደወሉ ገና አልተደወለም ነበር።

ሰብሳቢው በዝግታ ሁለቱን እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ጭብጨባ ዞረ። ፀጉር አስተካካዩና ዳቦ ጋጋሪው ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ በሽተኛው ጠንክሮ ስለ ተናገረ። እኔም አለቀስኩ። ሕዝቡ ያጨበጨበው አባቴ ስለ ዳነ ነው ብዬ አመንኩ፤ ያዳንኩት ደግሞ መድኃኒቱን የወሰድኩበት እኔ ነበርኩ። ፌርማታው እስከ ዛሬ በቦታው አለ። ባለፍኩ ቁጥር የእኔ የብቻዬ የሚመስለኝ ነገር አሁንም አልለቀቀኝም።

ከአዳራሹ ስንወጣ የቴአትር ቤቷ ሴት አባቴን በር ላይ አቆመችው። «ከነገርኩህ አንዱንም አላደረግህም» አለችው።

«ዝም ብያለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«እሱንስ አሳምረኸዋል» አለችና ጥቁር ቦርሳዋን ይዛ ሄደች።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ወጣን። ከፌርማታው እስከ በራችን ያለችውን አጭር መንገድ አባቴ ከኋላዬ ነበር የተራመደው። ዞር ስል እግሬን ያያል።

«ሚጣ፣ ጫማሽ ጠበበሽ?»

«አልጠበበኝም፣ አባዬ።»

«እ» አለ።

እሑድ ጠዋት ጫማዬ እንደ ወትሮው ተወልውሎ በር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ቀኙን ዳበስኩት። ጫፉ ውስጥ ጋዜጣ ነበር፤ ማዘዣው የለም። እማዬ ጥላዋለች ብዬ ገመትኩና በልቤ አመሰገንኳት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ ማስተማር ጀመርኩ፤ በመጨረሻም በሩቅ አገር፣ እኔን በማያውቁ ሦስት መቶ ሰዎች ፊት ጥናት እንዳቀርብ ተጠራሁ። አባቴ ያን ጊዜ አርጅቷል፤ ቀላል ሥራ ብቻ ነበር የሚቀበለው። ጥቁሩ ጫማዬን አዲስ ሶል አበጅቶለት፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሻንጣዬ ውስጥ ራሱ አስገባው። «እዚያ ስትደርሺ ፍቺው» አለኝ።

በቀጠሮዬ ጠዋት የሆቴሉ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ቁርሴ አልወርድ ብሎኛል፤ አፌ ደርቋል። አሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፌ በእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጨርቁን ፈታሁና ግራ እግሬን አስገባሁ። ቀኙ እንቢ አለ። አንድ ጠንካራ ነገር አውራ ጣቴን ተጫነኝ፤ ከማስታወሴ በፊት ጣቴ አስታወሰው።

በአራት የታጠፈ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ወረቀት ነበር። የቀይ እርሳሱ ጭረት አልጠፋም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ስስቅ ጎረቤት ክፍል ያለው ሰው ግድግዳውን መታብኝ። ንግግሩ እጅግ መጥፎ ነበር። ግማሽ ገጽ የተከበራችሁ ነው፤ «ወደ ዋናው ነጥብ ከመግባቴ በፊት» የሚል ሦስት ቦታ አለው፤ ወደ ዋናው ነጥብ የሚገባበት ቦታ ግን የለም። ያን ቀን ይህን አንብቦት ቢሆን ኖሮ ፌርማታውም እኛም አልቆልን ነበር።

የጫማው ማሰሪያ ላይ ደግሞ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ትንሽ ካርቶን በክር ተንጠልጥሎልኝ ነበር። የአባቴ ፊደላት ሸርተት ሸርተት ብለዋል። «ጫፍ። ቀኝ። ወረቀቱ ይውጣ።»

አራት ቃል።

አሥራ ሁለቱን ገጽ በጨርቁ ጠቅልዬ አልጋው ላይ ተውኳቸው። አዳራሹ ውስጥ ስሜ ተጠርቶ ወጣሁ። ቀና ብዬ ሰዎቹን ከማየቴ በፊት ዝቅ ብዬ የፊተኛውን ረድፍ ጫማዎች አየሁ። ከመካከላቸው አንድ ቡናማ ጫማ ነበር፤ ፊቱ የተበላ፣ ዳገት የሚወጣ ሰው ጫማ። ለእሱ እንደምናገር ወሰንኩ። ከዚያም በልቤ እስከ አራት ቆጠርኩ።